ዝም ብል የማይቀየመኝ ድረ ገጽ

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የራሴ ድረ ገጽ አለኝ ስል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስንት ተከታይ አለህ?» ብሎ ነው። ተከታይ የሚባል ነገር የለውም። ላይክ የለውም። ኮሜንት መጻፊያም አላደረግኩለትም። ኢሜይሌ ከታች አለ፣ የፈለገ ይጽፍልኛል፣ በቃ። «ታዲያ ምን ይሠራልሃል?» ይሉኛል። መልሱ ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው የሚነገር ዓይነት ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። እዚህ ግን ልጻፈው።

ዝም ማለት እንድችል ነው።

ቀልድ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ለዓመታት ጽፌያለሁ፣ ቴሌግራም ላይም እንደዚያው። እዚያ ያደከመኝ ስድቡ አይደለም፣ ስድብ ይለመዳል። ያደከመኝ ዝምታዬ መተርጎሙ ነው። ሸዋ ሮቢት ይሁን አጣዬ አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር፣ ገና ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ፣ «አንተስ ምነው ዝም አልክ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ካልጻፍክ የእነ እንትና ነህ። ከጻፍክ ደግሞ «ትናንት የት ነበርክ?» ትባላለህ። ስለ በግ ሱፍ ከጻፍክማ አለቀልህ፤ «ሰው እያለቀ አንተ የበግ ወሬ ታወራለህ?» ብሎ የሚጽፍልህ አይጠፋም። የሚከብደው ደግሞ ሰውየው ሙሉ በሙሉ አለመሳሳቱ ነው። ሰው እያለቀ ነበር። ግን እኔ የማላየውንና የማላውቀውን ነገር በዚያች ሰዓት ብጽፍ ማንን አድን ነበር?

አልጎሪዝሙም ቢሆን ዝምታ አይወድም። ትንሽ ጠፋ ካልክ «ተከታዮችህ ካንተ ከሰሙ ቆዩ» የሚል ማሳሰቢያ ይልክልሃል። ተከታዮቼ እኮ አክስቴ፣ ጎረቤቴና አብረውኝ የተማሩ ልጆች ናቸው። ከናፈቁኝ ይደውላሉ።

አንድ ምሽት የሆነውን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በኛ በኩል ነው፦ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ። ስለዚህ የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ዋና ጥያቄ «መንገዱ ክፍት ነው?» የሚል ነው። ክረምት ላይ አንዲት ልጅ ማታ ይህንኑ ጠየቀች፤ እናቷ ደብረ ሲና ታመውባት ነው። የመጀመሪያው መልስ ፎቶ ነበር፦ መንገድ የዘጋ የድንጋይ ናዳ። ከናዳው ጀርባ ዘንባባ ቆሟል። ጣርማ በር እኮ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ዘንባባ ይቅርና ሰውም ጋቢ ካልደረበ አይቆምም። ያስተዋለ የለም፣ ወይም ያስተዋለ ዝም አለ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይማርልሽ»፣ «አሜን»፣ «አሜን» እያለ ወረደ። ከዚያ ቤትዎ ተቀምጠው በቀን ይህን ያህል ብር ያግኙ የሚል ማስታወቂያ ገባ። ከዚያ ሁለት ሰዎች በሌላ ነገር ተያያዙ፣ ነገሩ ዘር ላይ ደረሰ፣ አድሚኑ ግሩፑን ቆለፈው። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ የሚኒባስ ሹፌር መሐል ላይ «አሁን አልፌ መጣሁ ክፍት ነው ጭጋግ አለ ቀስ በሉ» ብሎ ጽፏል። ያገኘሁት ጠዋት ወደ ላይ ስመለስ ነው። አንድ ሰው እንኳ አልመለሰለትም። ልጅቷ አይታው ከሆነ እሰየው።

በጣም የገረመኝ ማናቸውም ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው። አሜን ያለው ከልቡ ነው። ናዳውን የለጠፈውም ሰው እንዳይሞት ፈርቶ ነው። ግን አንዲት እውነተኛ መልስ ከስንት ነገር ሥር እንደተቀበረች እዩት።

ይሄ እንግዲህ የሰፈር ነገር ነው፣ ጉዳቱም ቀላል ነው። ከባዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው እንደሚለው ከግድያው በፊት የአባቱ ስምና ፎቶ ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እንዲነሳ ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሳም። በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ከዚህ ወዲያ «ፌስቡክ እኮ መሣሪያ ነው፣ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው» የሚለኝን ሰው መስማት ትቻለሁ። መሣሪያማ ነው፤ ግን የትኛው ጽሑፍ ለስንት ሰው እንደሚታይ የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ፣ ነገሩ ከዚህ ጋር ይገናኛል።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ጓሳ አለ። ፈረንጅ የሚመጣው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። መንዜ ግን ጓሳን የሚያውቀው በሳሩ ነው፦ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ይህንን ቦታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩት የአስቦና የጌራ ዘሮች ናቸው። ቄሮ በሚባል ሥርዓት (የኋለኛው ቄሮ ሌላ ነው፣ አታምታቱብኝ) እያንዳንዱ ወገን አለቃውን ይመርጣል። አለቃው ሳሩን ይዘጋል። ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት። ተዘጋ ማለት ተዘጋ ነው፤ ማጨድ የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። ጥበቃው በተራ ነው፣ የቀረ ይቀጣል። የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገርና ሰዉ ማጭዱን ይዞ እኩል ይገባል።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይሄም አብሮ ፈረሰ። ጓሳ የሁሉም ሆነ፣ ሁሉም ገባ፣ ሳሩ ተመናመነ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ደንብ አውጥቶ ነው መልሶ ያቆመው። ድሮ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። የአስቦም የጌራም ዘር ያልሆነ ድሃ በዚያ ሥርዓት ተመልካች ነበር፤ አዋጁን በእልልታ የተቀበለው ሰው እብድ አልነበረም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ መዝጋቱ። ሳሩ እያለ፣ ሰው እየፈለገው፣ «ለጊዜው ይቅር፣ ይደግ» ብሎ መዝጋት።

የኛ ግሩፖች የማይችሉት ይህንኑ ነው። አድሚን ሰው ማባረር ይችላል፣ ግሩፑንም ለአንድ ሌሊት መቆለፍ ይችላል። «ይህን ነገር በደንብ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ አናወራም» ማለት ግን አይችልም። ቢል አባላቱ ሌላ ግሩፕ ከፍተው ይሄዳሉ። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ሁልጊዜም ይታጨዳል።

ድረ ገጼ ላይ ግን እዘጋለሁ። አንድ ጽሑፍ ጀምሬ ክረምቱን ሙሉ ሳልነካው አከርማለሁ። ገጹ አይቀየምም፣ ማሳሰቢያ አይልክም፣ የድሮዎቹን ጽሑፎችም አይደብቃቸውም። ስመለስ እንደተውኩት አገኘዋለሁ። ይህን ለመሰለ ነገር ነው እንግዲህ ብር የማወጣው።

የብሩን ነገር ካነሳን፣ ትልቁ ጣጣ መክፈሉ ነው። ዶት ኮም አድራሻ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ብዙ አይደለም ትላላችሁ፤ ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እንደማንኛውም ሀበሻ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል። እኔን የምትከፍልልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። በየዓመቱ «ይሄ ነገር አሁንም አለ?» ትለኛለች፣ «አለ» እላታለሁ፣ ትከፍላለች። በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ የኔም አድራሻ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እሷ ግን በብር አልጠየቀችኝም። በሶና ሽሮ ነው የጠየቀችኝ።

ከአድራሻው ሌላ ወጪ የለውም። ገጾቹ ተራ ኤችቲኤምኤል ናቸው፣ በነፃ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጡት። ፎቶ አላበዛም። አንድ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ላይ 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ ከላቲን ፊደል ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው፤ ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ረጅም ጽሑፍ 40 ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻውን ሁለትና ሦስት ሜጋ ባይት ነው። የዕለት ጥቅል ገዝቶ የሚኖር ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ቆላ ወርዶ ኔትወርኩ አንድ መስመር ሲሆን የኔ ገጽ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ግን እዚያው ሲዞር ይውላል። ኩራቴ እሷ ናት።

አንዳንዴ ለምን እንዲህ ያለ ልማድ እኛ ጋ አልተስፋፋም እያልኩ አስባለሁ። አንዱ ምክንያት ፊደሉ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ ቢሮ የሚጽፈው በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ ፎንቶች ነበር። አጎቴ በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ሲሠሩ የተየቧቸው ጽሑፎች በፍላሽ አሉኝ፣ ስለ አካባቢው ገበያዎችና ስለ ምንጮች። ዛሬ ስልክ ላይ ስትከፍቷቸው የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ቅንፍ ተደባልቆ ይታያል፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ኪቦርዱን የመታው ነው የሚመስለው። ፎንቱ ሲጫን ግን አማርኛው ተመልሶ ይመጣል። አጎቴን «ጋሼ፣ ይሄን መልሼ ልጻፈውና ገጹ ላይ ላውጣው?» አልኳቸው። «አውጣው፣ ግን የመጨረሻውን ገጽ ተወው፣ ሰው የሚያስቀይም ነገር አለበት» አሉኝ። ተውኩት።

ሌላው ምክንያት በሩ መዘጋቱ ነው። ከ1998 ጀምሮ ብሎግስፖት በሚባለው የጦማር መሥሪያ የተሠሩ ገጾች አገር ውስጥ አይከፈቱም ነበር። በ2006 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ታሰሩ። በሰኔ 2010 ከ200 በላይ ድረ ገጾች ተፈቱ ሲባል ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ ግን ሰዉ በነዚያ ዓመታት ሌላ ቦታ ተሰብስቦ ነበር። በራሱ ገጽ ላይ ረጋ ብሎ መጻፍ የለመደ ሳይኖር፣ ሁላችንም በቀጥታ ወደ ፌስቡክ ገባን። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ አእምሮ በምኒልክ ጊዜ ሲጀመር በእጅ እየተገለበጠ ለጥቂት ሰው ብቻ ነበር የሚደርሰው፤ ጥቂት አንባቢ ያለው ጽሑፍ እኮ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስንት ሰው አየው የሚለው ጭንቀት ነው አዲስ።

ስለ መዘጋት ከተነሳ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። የኔ ገጽ ግን ይከፈታል። ጓደኞቼ ጋር ጉራዬን ነዛሁ። ብዙም አልቆየ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ እኔም ቲክቶክም እኩል ሆንን። ባለገመድ መስመር ያለበት ቢሮ እየተለመነ ኢሜይል የሚታይበት ጊዜ ነበር። ያኔ ነው ሁሉንም ጽሑፍ በአንድ ፎልደር አድርጌ በፍላሽ ለሰው መስጠት የጀመርኩት። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ፎልደሩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ፋይል መንካት ነው። አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ እስካሁን እንዳለ ነግረውኛል። ፌስቡክን በፍላሽ መስጠት ይቻላል? አይቻልም። ጂኦሲቲስ የሚባል የግል ገጽ መሥሪያ ነበር፣ ያሁ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋው ሚሊዮን ሰው የጻፈው ነገር አብሮ ሊጠፋ ነበር፤ የተረፈው ፈቃደኞች ተሯሩጠው ስለገለበጡት ነው። ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት ሁሉ አንድ ቀን እንደዚያ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አንድ መምህር ጓደኛ አለኝ፣ በዚህ ጉዳይ ሁሌ ይሞግተኛል። «አንተ ለራስህ ነው የምትጽፈው» ይለኛል። «ሰው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ደም የሚፈለግለት በሽተኛ ቢኖር ድረ ገጽህ ላይ ትለጥፋለህ?» እውነቱን ነው። አልለጥፍም። ደም ሲፈለግ፣ መታወቂያ ሲጠፋ፣ ቀብር ሲኖር ግሩፑ ውስጥ ነው የምጽፈው፣ ግሩፑም በደቂቃ ውስጥ ሰው ያመጣል። ለእንዲህ ያለው ነገር ከሱ የተሻለ አላየሁም። ከግሩፑ ያልወጣሁትም ለዚህ ነው። እኔ የምለው ግን ሁሉም ነገር የደም ያህል አይቸኩልም ነው። ጓሳ እንዴት ይጠበቅ እንደነበር ዛሬ ማታ ካልተጻፈ የሚሞት ሰው የለም።

ደግሞ አንባቢ የለም አይባልም። የሚመጡት በጉግል ነው። አንዱ ስለ አንኮበር የቤት ሥራ ተሰጥቶት፣ አንዱ ባና (ከበግ ሱፍ የሚሸመነው ብርድ ልብስ) ምን እንደሆነ ለልጆቹ ሊያሳይ፣ አንዱ አያቱ የነበሩበትን ቀበሌ ፍለጋ። እዚህ ላይ የኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው፦ አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይፈልጋል፣ አንዱ «ጸሀይ»፣ ፍለጋው ሁልጊዜ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። እኔ በየጽሑፉ ግርጌ ሰው ሊጽፋቸው የሚችላቸውን አጻጻፎች በትንሽ ፊደል እደረድራለሁ። አያምርም፤ ግን ይሠራል። የአንኮበሩን ገጽ ያገኙት ብዙዎቹ በዚህ ነው።

አሁን የያዝኩት ስለ ባናና ዝተት ነው። መንዝ ላይ ሱፉን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፣ ይሄን ማንም ያውቀዋል። እኔ የፈለግሁት ዝርዝሩን ነው። አንድ ሸማኔ አባት ያስረዱኛል፤ ፎቶ አታንሳኝ ብለዋል፣ ስሜንም አትጻፍ ብለዋል። ባለፈው የጻፍኩትን ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰሙኝና «ይሄማ የተማረ ሰው ወሬ ነው» አሉ። «እንዴት ይሁን አባቴ?» ስላቸው «አንተ የጻፍከው ዕቃውን ነው፣ እጁን አልጻፍከውም። ደግመህ ና፣ ሱፍ ሲኖር ና። ያኔ እጅህን ታስገባለህ» አሉኝ። በጎቹ ገና አልተሸለቱም። ስለዚህ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ቆሟል። ዘንድሮ ካልደረሰም ለከርሞ።